አንድ ቀን ያመለጠው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀምር? ዮጋን ስለ ማዘውተር ለተጻፈ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ዮጋን ልማድ ለማድረግ ለሚፈልጉ ጀማሪዎች ምክር የሚሰጥ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው በባሕር ዳር እንደሚኖሩና ዮጋን ለዓመታት እንደሠሩ ይገልጻሉ፤ ለሰው አስበው እንደጻፉም ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ምክራቸው ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ ልማድ በ21 ቀን ይያዛል፤ በመካከሉ አንድ ቀን ያመለጠው ሰው ግን ቆጠራውን ከአንድ መጀመር አለበት። ልምምዱ በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት መሠራት ይኖርበታል፤ ከዚያ ያነሰው ጊዜ ማባከን ነው። በጾም ወራት ዮጋን ትቶ ጾሙ ሲፈታ መመለስ ይሻላል። ደንበኛ ምንጣፍና አሠልጣኝ የሌለው ሰው ባይጀምረው ይመረጣል። በጉልበቱ የሚያድር ገበሬ ዮጋ አያስፈልገውም። ዮጋ ከአሜሪካ የመጣ ዘመናዊ ስፖርት ስለሆነ ከሃይማኖት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ እንዲያውም «ስግደትም እኮ ዮጋ ነው»። ሕመም ደግሞ የእድገት ምልክት ስለሆነ ታግሦ መግፋት ይገባል፤ ጀማሪው በሦስተኛው ወር በጭንቅላቱ መቆም መቻል አለበት።

እኔ በደብረ ማርቆስ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭም ከባልደረቦቼና ከጎረቤቶቼ ጋር ዮጋ እሠራለሁ። ይህን ምላሽ የምጽፈው ጸሐፊውን ለማሳፈር ሳይሆን፣ ምክሩን ተከትለው የጀመሩና ብዙም ሳይቆዩ የተዉ ሰዎችን ስላየሁ፣ የተዉበትም ምክንያት ስንፍና እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። በእኔ አመለካከት ጽሑፉ ማዘውተርን የወኔ ጉዳይ አድርጎ ወስዶታል። ዮጋን ለዓመታት የያዙ ሰዎችን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ከሌላው የበለጠ ወኔ አያገኝባቸውም፤ የሚያገኘው ልምምዳቸውን አሳጥረው ከዕለት ኑሯቸው ጋር እንዳሰሩትና ሲቋረጥ እንዴት እንደሚመለሱበት አስቀድመው እንደወሰኑ ነው።

በ21 ቀኑ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ያስቀረው እርሱ ነውና። ይህ ቁጥር ስለ ልማድ ከተደረገ ጥናት የወጣ አይደለም። ምንጩ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ፣ ፊታቸው በቀዶ ሕክምና የተስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው መታዘቡን ጽፎ ነበር። ሐኪሙ የተናገረው ዝቅተኛውን ወሰን ነው፤ ያውም ስለ መልክ። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ግን ለማንኛውም ልማድ የሚሠራ ቁርጥ ያለ ሕግ ሆኖ ቀረ።

ስለ ልማድ በቀጥታ የተጠና ነገር ለሚፈልግ ሰው፣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት አለ። አንድን አዲስ ተግባር ብዙ ሳያስቡ መሥራት እስኪቻል ድረስ በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ ግምቱ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይደርሳል። ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው የጥናቱ ውጤት ደግሞ ሌላው ነው፤ አንድ ቀን ማምለጡ ልማዱ እንዳይያዝ የሚያደርግ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ በ15ኛው ቀን ያመለጠው ሰው በ16ኛው ቀን የሚቀጥለው ከ15 እንጂ ከአንድ አይደለም።

ጸሐፊው ለዚህ ነጥባቸው የጥንቱን የሕንድ የዮጋ ሊቅ ፓታንጃሊን ምስክር ይጠራሉ፤ ልምምድ «ሳይቋረጥ» መሠራት እንዳለበት ተጽፏል ይላሉ። እውነት ነው፤ የእርሱ ነው በሚባለው ዮጋ ሱትራ በተሰኘው መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል 14ኛው አንቀጽ ላይ ልምምድ መሠረት የሚይዘው ለረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥ፣ በአክብሮት ሲሠራ እንደሆነ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ከሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች የመጀመሪያው ረጅም ጊዜ ነው፤ ሦስት ሳምንት ደግሞ በማንም አቆጣጠር ረጅም ጊዜ አይባልም። በጥብቅነቱ የታወቀው፣ ፓታቢ ጆይስ የተባሉ መምህር በሕንዷ ማይሶር ከተማ ያስተማሩት የአሽታንጋ ዮጋ ሥልት እንኳ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራና ቅዳሜ ይታረፋል፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ቀንም በልማድ ይታረፋል። ዕረፍቱ የሥርዓቱ አካል እንጂ የሥርዓቱ መፍረስ ተደርጎ አይታይም።

አሁን «ከአንድ ጀምር» የሚለውን ትእዛዝ ወደ እኛ ኑሮ እናምጣው። ጥር ሲገባ ሠርግ አለ። ጎረቤት ቢሞት ለቅሶ ቤት መዋል፣ አንዳንዴም ማደር አለ። ማኅበር አለ፤ ዕድር አለ፤ ገጠር ያሉ እናት ሲታመሙ ሥራን ጥሎ ሞጣ ወይም ቢቸና መገስገስ አለ። «ዮጋዬ በ19ኛው ቀን እንዳይበላሽብኝ ቀብር አልመጣም» የሚል ሰው ጎጃም ውስጥ ምን ስም እንደሚወጣለት ጸሐፊውም አያጡትም። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ አንድ የተመለሰ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አይሞክርም፤ «እኔን ዮጋ አይሆንልኝም» ብሎ ይደመድማል፤ ደንቡ ራሱ ከኑሮው ጋር የማይሄድ መሆኑን አይጠረጥርም።

አብሬያቸው ለምሠራ ሰዎች የምነግራቸው ሁለት ልክ እንዲኖራቸው ነው። አንደኛው የደኅና ቀን ልክ ነው፤ ለጀማሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሁለተኛው የክፉ ቀን ልክ ነው፤ ይህ ለቅሶ ቤት አድሮ የመጣ ወይም ሌሊቱን ሕመምተኛ ሲያስታምም ያነጋ ሰው አልጋው ላይ ሆኖም ቢሆን ሊፈጽመው የሚችል አምስት ደቂቃ ነው። በጀርባ ተኝቶ ጉልበቶችን አንድ በአንድ ወደ ደረት መሳብ፣ ከዚያ ሁለቱን አጣጥፎ በቀስታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዘንበል፣ በመጨረሻም ዐይንን ጨፍኖ በአፍንጫ የሚወጣና የሚገባ ዐሥር ረጋ ያለ ትንፋሽ መቁጠር ነው። ይህም የተሠራ ቀን ይባላል። በዓላት የታተሙበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በየቤታችን ስላለ፣ እሑዶችንና ዓበይት በዓላትን አስቀድሞ በብዕር ከብቦ ዕረፍት ማድረግ፣ የተሠራውን ቀን ደግሞ በጭረት ማመልከት ይቻላል። ከሳምንት በላይ የተቋረጠ እንደሆነ በተመለሱበት ዕለት የሚሠራው የክፉ ቀኑ ልክ ነው፤ በማግሥቱ የደኅናው ቀን ግማሽ፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላም ሙሉው። የጎደለውን ለማካካስ በአንድ ጊዜ እጥፍ መሥራት ጡንቻን ከማሳመምና ለሌላ መቋረጥ ምክንያት ከመሆን በቀር ትርፉ አይታየኝም።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ሰዓቱ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ በጣና ዳር መዘርጋት ደስ እንደሚል አልክድም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ቀኗ የሚሞቅ ከተማ ስለሆነች ማለዳው ለእርሷ ይስማማታል። ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር አልፋ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለች ናት፤ በሐምሌ ንጋት ላይ ሲሚንቶው ወለል በባዶ እግር አያስቆምም፤ ሌሊቱን የቀዘቀዘ ጡንቻም በአንድ ጊዜ ሲለጠጥ ይከፋዋል። በደጋ ለሚኖር ሰው፣ ማለዳ መሥራት ግድ ከሆነበት፣ ጋቢውን እንደደረበ በእጅና በጉልበቱ ተንበርክኮ ጀርባውን ከትንፋሹ ጋር ወደ ላይ ማጉበጥና ወደ ታች ማስረግ፣ ትከሻውን ማዞር፣ ሰውነቱ ሲሞቅም ጋቢውን ማውለቅ ይሻለዋል። ግድ ካልሆነበት ደግሞ ከሥራ መልስ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነቱ ሞቆ ስለሚጠብቀው የተሻለ ይታዘዘዋል።

የሰውም ጉዳይ አለ። ኪዳን ለማድረስ በሌሊት የሚነሣው፣ ልጆቿን ለትምህርት ቤት የምታዘጋጀው፣ ከአዳር ተረኝነት የምትወጣው ነርስ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ተሳፋሪ የሚጠብቀው የባጃጅ ሾፌር ሁሉም ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሌላ ሥራ ላይ ናቸው። ሰዓትን ከማዘዝ ይልቅ በየቀኑ ሳይቀር የሚደረግን አንድ ነገር መፈለግና ልምምዱን ከዚያ ፊት ወይም ኋላ ማሰር ይሠራል። በሥነ ልቦና ጥናት «ይህ በሆነ ጊዜ ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ቦታና ወቅት ቆርጦ መወሰን፣ «ከነገ ጀምሬ እሠራለሁ» ከሚል ምኞት ይልቅ ወደ ተግባር እንደሚያደርስ በብዙ ጥናት ታይቷል። በእኛ ቤት ከቡና የተሻለ ማሰሪያ አላገኘሁም፤ ጀበናው እሳት ላይ ከወጣ በኋላ ፈልቶ፣ ሰክኖ እስኪቀዳ ያለው ጊዜ ለአጭር ልምምድ የተሰፋ ያህል ይበቃል። ይህ ምክር ግን ቡናውን ራሷ ለምታፈላው ሴት እንደማይሠራ ላስታውስ፤ ለእርሷ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ያለችው ፋታ ትሻላለች፤ ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ አልፎ አልፎ ሌላ ሰው ቡናውን ማፍላቱ ነው።

አንድ ሰዓት ያልሞላ ልምምድ ከንቱ ነው የሚለውም መሠረት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የአካል እንቅስቃሴ መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው መመሪያ ውስጥ የነበረውን «እያንዳንዱ ቢያንስ ዐሥር ደቂቃ ይቆይ» የሚል ገደብም አንሥቶታል፤ አጭሩም ይቆጠራል ማለት ነው። ጎጃም ይህን ለመቀበል የሚቸግረው አገር አይመስለኝም። ዋሸራና ጎንጅ ያፈሯቸው የቅኔ ሊቃውንት ትምህርቱን በአንድ ሰሞን ወኔ አልጨረሱትም፤ የአብነት ተማሪ ትናንት የተቀበለውን ሳያጸና ሌላ አይጨመርለትም፤ በየዕለቱ የሚጨመርለትም ጥቂት ነው።

ስለ ጾም የተባለው ከሁሉ ያስገረመኝ ነው፤ ጸሐፊው ስሌቱን የሠሩት አይመስለኝም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያት 43 ቀን ገደማ፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ሦስቱ ብቻ 113 ቀን ይሆናሉ። በዚህ ላይ ጾመ ሐዋርያትና ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩበት የዓመቱ ግማሽ ገደማ ጾም ነው። በጾም የሚተው ልምምድ በዓመት ግማሹን የተተወ ልምምድ ነው፤ ይህን ደግሞ ማዘውተር ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ሲጀመር ዮጋ በጥንት መምህራኑም ዘንድ የሚመከረው በባዶ ሆድ ነው፤ ከምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ የጾመኛ ማለዳ ለልምምዱ የሚስማማ እንጂ የሚከለክል አይደለም። የሚለወጠው ዓይነቱና ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ላብ የሚያስመጣውን ፈጣን ቅደም ተከተል፣ በተለይ በባሕር ዳር ቀትር ላይ፣ ይተወው። ማለዳ ገና ፀሐይ ሳትበረታ ወይም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ በመቀመጥና በመተኛት የሚሠሩትን፣ ትንፋሽን ረጋ የሚያደርጉትን ይውሰድ። ወደ ፊት ካጎነበሰበት ሲነሣ አንገቱን መጨረሻ ላይ እያነሣ በቀስታ ይነሣ፤ ውሃ የጎደለው ሰውነት በድንገት ቀጥ ሲል ዐይን ይጨልማል። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ግን እንጀራና ሽሮው ገና ሆድ ውስጥ ሳለ መተጣጠፍ ቃር ከማስነሣት ሌላ አይፈይድም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጾሙንም እንቅስቃሴውንም ከሐኪሙ ጋር ይመካከርበት።

ሰሙነ ሕማማትን ለብቻው አነሣዋለሁ። በዚያ ሳምንት፣ በተለይም በስቅለት ዕለት፣ ብዙ የሰገደ ሰው በማግሥቱ ደረጃ መውረድ እስኪቸግረው ጭኑ ይታሰራል። በእነዚያ ቀናት ዮጋ ልጨምር ማለት አያስፈልግም። ማታ ቤት ሲገባ መቀመጫውን ከግድግዳ አስጠግቶ በጀርባው ይተኛ፣ እግሮቹን ወደ ላይ ግድግዳው ላይ ያሳርፍ፣ ከወገቡ በታች የታጠፈ ጋቢ ያድርግ፣ እንዲሁ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። የክፉ ቀኑ ልክ ተሟላለት።

ምንጣፍና አሠልጣኝን በሚመለከት ብዙ አልቆይም። ምንጣፍ የሚያስፈልገው ለጉልበትና ለጀርባ ነው፤ ቆሞ የሚሠራው ሁሉ በባዶ እግር፣ በባዶ ወለል ላይ ሲሠራ እንዲያውም እግር አይንሸራተትም። ካልሲ ግን ይንሸራተታል፤ በለሰለሰ ሲሚንቶ ላይ የተዘረጋ ቁርበትም ይንሸራተታል፤ ሰሌን ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ መተኛትና መንበርከክ ይበቃል። ዛሬ በየዮጋ ቤቱ የምናየውን ማሰሪያ፣ ብሎክ፣ ወንበርና ብርድ ልብስ ለማስተማሪያነት ያስፋፉት ሕንዳዊው የዮጋ መምህር ቢ ኬ ኤስ አየንጋር ናቸው፤ ዓላማቸውም አካሉ ያልተፍታታ ሰው አቋሙን ሳይጎዳ እንዲደርስበት ነበር። እኛ መቀነት አለን፤ ተቀምጦ የእግሩን ጣት መንካት ለማይችል ሰው መቀነቱን በእግሩ መዳፍ ዙሪያ አሳልፎ ሁለቱን ጫፍ መያዝ ወገቡን ከመጉበጥ ያድነዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ ጡብ፣ በርጩማ፣ ጋቢ ቀሪውን ይሸፍናሉ። ስለ አሠልጣኝ ግን ጸሐፊው ከፊል እውነት አላቸው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ቪዲዮ ብቻ ተስፋ አይሆንም፤ ሲሠራም ስሕተትን አይቶ አያርምም። መምህር ያላገኘ ሰው ጥቂት አቋሞችን ብቻ ይያዝ፣ ከአንድ ባልንጀራው ጋር እየተያየ ይሥራ፣ ወገብ ወይም ጉልበት የሚያመው ከሆነ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን አስቀድሞ ያማክር።

ገበሬ ዮጋ አያስፈልገውም የተባለው ከአክብሮት የመነጨ ይመስላል፤ ሆኖም እርሻን ቀረብ ብሎ ካለማየት የመጣ ነው። የሚያርስ ሰው በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ተጭኖ ይውላል፤ ጤፍ ሲያርምና ሲያጭድ ደግሞ ከወገቡ ታጥፎ ይውላል። ጉልበቱ ከማናችንም ይበልጣል፤ የሚሠራው እንቅስቃሴ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውነቱም በዚያው አቅጣጫ ብቻ ይለመዳል። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ የሚገባቸውን ሲዘረዝር ዮጋን ከእነርሱ መካከል ጠቅሷል።

ልዩነቱ ምን ይሠራ የሚለው ላይ ነው። ሲጎነብስ ለዋለ ሰው ጎንበስ የሚያሰኝ አቋም መጨመር ግፍ ነው። እርሱ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ በሆድ ተኝቶ፣ ክርንን መሬት አስደግፎ ደረትን ጥቂት ማንሣት፤ አንድ ጉልበት አንበርክኮ ሌላውን እግር ወደ ፊት በማውጣት የታፋውን ፊት መክፈት፤ በጀርባ ተኝቶ ወገብን በሁለቱም በኩል እኩል ማዞር። በመከር ወራት ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ ባይበልጥ ይሻላል፤ ደክሞ የገባን ሰው ሌላ ሥራ አናሸክመውም። በሌላ በኩል፣ በበርጩማና ቁጢጥ በማለት ያደገ ሰው ዳሌውና ቁርጭምጭሚቱ ብዙ ጊዜ ከቢሮ ሠራተኛው ይልቅ ይታዘዛሉ፤ ቢሮ ለሚውለው ሰው የማስቀድመው ደረቱንና የጭኑን ኋላ ሲሆን፣ ለገበሬው ግን ይህ ቅደም ተከተል አይሠራም። የውጭ ቪዲዮዎች የተዘጋጁት ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ነው፤ ለሁሉም እኩል የሚሆኑ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ስለ ሃይማኖት በአንድ ዐረፍተ ነገር የታለፈው ጥያቄ ከዚያ የበለጠ ክብር ይገባው ነበር። ዮጋ ከአሜሪካ አልመጣም፤ የሕንድ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2016 የሕንድ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ምዝገባው የተፈጸመው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ነው፤ በዚያው ጉባኤ የገዳ ሥርዓትም ተመዝግቧል። በዮጋ ውስጥ የአካል ልምምድ አለ፤ የትንፋሽ ልምምድ አለ፤ ከሂንዱ እምነት ጋር የተያያዘ ዜማና ጸሎትም አለ። «የፀሐይ ሰላምታ» የሚባለውን ባለ 12 አቋም ቅደም ተከተል በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ እንደ አካል ማጠንከሪያ ያስፋፉት በሕንድ የአውንድ ግዛት ገዥ ነበሩ፤ ስሙ ግን ጥያቄ ቢያስነሣ ጠያቂውን ኋላ ቀር አያሰኘውም። እኔ ከሰዎች ጋር ስሠራ ዜማውን አላስገባም፤ አቋሞቹንም «ጉልበት አጥፈህ ወደ ፊት»፣ «በሆድ ተኝተሽ ደረት ቀና» እያልኩ በሚሠራው ነገር እጠራቸዋለሁ። ከዚያም አልፎ የሚጠራጠር ሰው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ አይሆንም ከተባለ ደግሞ በእግር መሄድና ተራ ማፍታታት ጤናውን ይጠብቁለታል፤ ማንም አይከራከረው።

ስግደትን ዮጋ ማለት ግን ለዮጋም ለስግደትም አይጠቅምም። የሚሰግድ ሰው ጡንቻውን ለማፍታታት አይሰግድም፤ ለአምላኩ ይሰግዳል። ሁለቱ ጉልበትና ወገብ ማጠፋቸው አንድ አያደርጋቸውም። እንዲህ ያለው ማባበያ ጀማሪን አይስብም፤ ቅሬታን ግን ይጋብዛል፤ በየቤቱ ያሉ እናቶች «እኔ ልጄ ምን እየሠራ ነው?» ብለው እንዲደነግጡ ያደርጋል።

የመጨረሻው የሕመምና በጭንቅላት የመቆም ጉዳይ ነው። በፓታንጃሊ ዘንድ የአቀማመጥ መለኪያው የጸናና ምቹ መሆኑ ነው፤ ሕመም በዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። በጡንቻው መካከል የሚሰማ፣ ትንፋሽ ሲወጣ የሚላላ መወጠር ደኅና ነው። በመገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ፣ ወደ እግር ወይም ወደ እጅ የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ወይም የሚነዝር ስሜት ግን ወዲያው መመለስን ይጠይቃል። ቀጥ ባለ ጉልበት ጎንበስ ሲል መቀመጫው አጥንት ላይ የሚወጋው ሰው፣ የጭኑ ኋላ ጅማት ከአጥንት የሚያያዝበትን ቦታ እየጎተተ ነው፤ ይህ ቦታ አንዴ ከተጎዳ ለወራት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ ጉልበቱን አጥፎ መሥራት ነው፤ አያሳፍርም። በሽታ ሳይኖር መለኪያው ትንፋሽ ነው፤ አቋሙ ላይ ሆኖ በአፍንጫው አምስት እኩል ትንፋሽ መተንፈስ ያልቻለ ሰው ከልኩ አልፏል፤ ጥቂት ይመለስ።

በጭንቅላት መቆም የጀማሪ ግብ ሊሆን አይገባም፤ በሦስት ወርም ሆነ በሦስት ዓመት። በዚያ አቋም የሰውነት ክብደት ከፍ ያለ ድርሻ በአንገት አጥንቶች ላይ ያርፋል፤ በዐይን ውስጥ ያለው ግፊትም ወደ እጥፍ እንደሚደርስ ተለክቷል። ግላኮማ የሚባለው የዐይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ያለበት፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ አንገቱን የሚያመው፣ አጥንቱ የሳሳ ሰው ፈጽሞ ሊሞክረው አይገባም፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ከዚህ፣ በሆድ ከመተኛትና ትንፋሽን ከመያዝ ትቆጠብ። ግላኮማና የደም ግፊት ያለባቸው ብዙ ሰዎች ደግሞ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም፤ ምልክት ሳያሳይ ይቆያልና።

ጸሐፊው ከዚህ በላይ የጻፍኩትን ባይቀበሉኝ ቅር አልሰኝም፤ በሰዓቱም በ21 ቀኑም ልንከራከር እንችላለን። ይህን ስለ ሕመምና በጭንቅላት ስለ መቆም የጻፉትን አንቀጽ ግን ከጽሑፉ እንዲያወጡት፣ ቀድሞ ለደረሳቸው ሰዎችም በዚያው መንገድ ማረሚያ እንዲልኩላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።